የሃርት አታክ መድሃኒት ጥናት እንዴት ይነበባል? (ካልኩሌተር ይዛችሁ ኑ)

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንዱ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ «ይሄ መድሃኒት ከሃርት አታክ በኋላ ሞትን በ26 በመቶ ይቀንሳል» ብሎ ይለጥፋል፣ ከስሩ ደሞ ግማሹ «ወላሂ እውነት ነው» ግማሹ «ኧረ ወዲያ፣ የኔ አጎት ወስዶት ምን ፈየደለት» እያለ ይጨቃጨቃል፣ ጥናቱን ከፍቶ ያየ ግን የለም። የከፈተውም ቢሆን ፒ ቫልዩ የምትባለዋን (መድሃኒቱ ምንም ባይሰራ እንኳ ይሄን ያህል ወይ ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመምጣት እድሉ ስንት እንደሆነ የምትናገረዋን) ፈልጎ ከ0.05 ካነሰች «ተረጋገጠ» ብሎ ዘግቶታል። ይቺን የምጽፈው ለዚህ ለከፈተው ሰው ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ፣ መካነ ሰላም ለምትሰሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ፋርማሲስቶች፣ ማስተርሳችሁን እየሰራችሁ ስታቲስቲክስ ሲነሳ ሆዳችሁን ለሚቆርጣችሁም። አብሽሩ፣ መደመር መቀነስ ማባዛት ማካፈል የሚችል ሰው ይችለዋል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ግቡ፤ ህጉ የተጻፈው ቁጥሩ ከመታየቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ማን ይቆጠራል፣ ምን ይቆጠራል፣ ስንት ጊዜ ይታያል፣ መቼ ይቆማል የሚለው ቀድሞ ተወስኖ ከነበረ ጆሮ እንሰጠዋለን። ውጤቱ ከታየ በኋላ የተወሰነ ከሆነ ግን ፒ ቫልዩዋ የፈለገውን ያህል ዜሮ ብትደረድር እኔ አልገዛትም።

ለልምምድ አንድ ሰውና አንድ ጥናት እንያዝ። ሰውየው ዴቪድ ዴሜትስ ይባላል፣ አሜሪካዊ ባዮስታቲስቲሺያን ነው፣ ሐኪም አይደለም ስራው ቁጥር ነው፣ በ1970ዎቹ የአሜሪካ መንግስት የልብ፣ የሳንባና የደም ኢንስቲትዩት ውስጥ ሰርቶ በ1982 ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሄደ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቱ ደሞ በአጭር ስሙ ቢሃት የሚባለው ነው፣ ሃርት አታክ ይዟቸው ለተረፉ ሰዎች ፕሮፕራኖሎል ቢሰጣቸው እድሜያቸው ይረዝማል ወይ ብሎ የጠየቀ። ፕሮፕራኖሎል ያው የምታውቁት ቤታ ብሎከር ነው፣ የልብ ምትን ቀዝቀዝ የሚያደርገው፣ ለደም ግፊትም ለታይሮይድም ስናዘው የኖርነው ክኒን።

መጀመሪያ ሁለቱን ክፍልፋይ ፈልጉ

«26 በመቶ» የሚለውን ለጊዜው እርሱት። ጥናቱን ስትከፍቱ የምትፈልጉት አራት ቁጥር ነው፤ በመድሃኒቱ በኩል ስንት ሰው ገባ ስንቱ ሞተ፣ በማስመሰያው ክኒን (ፕላሴቦ፣ ምንም መድሃኒት የሌለበት) በኩል ስንት ገባ ስንት ሞተ። ቢሃት ላይ በጠቅላላ 3,837 ሰው ነበር፣ እድሜያቸው ከ30 እስከ 69፣ ሃርት አታኩ ከያዛቸው ከ5 እስከ 21 ቀን ውስጥ በእጣ ተከፈሉ። ፕሮፕራኖሎል የደረሳቸው 1,916፣ ፕላሴቦ የደረሳቸው 1,921። በአማካይ 25 ወር ያህል ተከታተሏቸው። ከመጀመሪያዎቹ 138 ሰው ሞተ፣ ከሁለተኛዎቹ 188።

አሁን ካልኩሌተሩን አውጡ። 138 ለ1,916 ሲካፈል 0.072፣ ማለትም 7.2 በመቶ። 188 ለ1,921 ሲካፈል 0.098 ገደማ፣ 9.8 በመቶ። 7.2ን ለ9.8 ስታካፍሉት 0.74 አካባቢ ይወጣል፣ ከአንድ ስትቀንሱት ያቺ 26 በመቶ መጣች። ውሸት አይደለችም። ግን ደሞ 9.8 ሲቀነስ 7.2 እኮ 2.6 ነው፣ ከ1,000 ሰው 26 ሰው ማለት ነው፣ አንድን ለ0.0258 ስታካፍሉ ደሞ 39፣ ማለትም አንድ ተጨማሪ ሰው በህይወት እንዲቆይ 39 ሰው ሁለት ዓመት ከምናምን ክኒኑን መዋጥ አለበት። ሁለቱም እውነት ነው። ታማሚውን ስታናግሩ ግን ሁለተኛውን ንገሩት፣ ምክንያቱም «26 በመቶ» ሲባል ሰው ከ100 ሰው 26ቱ ይድናል ብሎ ነው የሚሰማው፣ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚገባው እንደዛ ነው።

እዚህ ላይ አትቁሙ፣ አንድ እርምጃ ይቀራል። ያ 2.6 የተገኘው ከእነዚህ ሰዎች ነው፣ ሌላ 3,837 ሰው ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይለይ ነበር፣ ስንት ሊለይ እንደሚችል ለማወቅ ስታንዳርድ ኤረር የሚባለውን እናሰላለን። 0.072ን በ0.928 አባዙና ለ1,916 አካፍሉ፣ 0.098ን በ0.902 አባዙና ለ1,921 አካፍሉ፣ ሁለቱን ደምሩ፣ ስኩዌር ሩት አውጡለት። 0.009 ያህል ይመጣላችኋል። በ1.96 ስታባዙት 0.0176። ከ0.0258 ላይ ስትቀንሱና ስትደምሩ ልዩነቱ ከ0.8 በመቶ እስከ 4.3 በመቶ ባለው ውስጥ ነው ማለት ነው። ከ1,000 ሰው 8 ብቻ ሊሆን ይችላል፣ 43ም ሊሆን ይችላል፣ ዜሮ ግን ውስጡ የለም። ይሄን በእጃችሁ አንዴ ከሰራችሁት በኋላ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (ይሄው «ከዚህ እስከዚህ» ያልነው ነው) የሚል ነገር ስታዩ አትደነግጡም።

ቀጥሎ ስንት ጊዜ እንደታየ ጠይቁ

ዴሜትስ ስሙ የተነሳበት ጉዳይ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈውም ይሄው ነው፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ ተቀመጡ።

ሃርት አታክ ላይ የሚሰራ ጥናት ዓመታት ይፈጃል። መሃል ላይ ቁጥሩን ሳያዩ መጨረሻውን መጠበቅ አይቻልም፣ ምክንያቱም መድሃኒቱ ሰው እየገደለ ከሆነ ዝም ብሎ ማየት ወንጀል ነው፣ እያዳነ ከሆነም ግማሹን ሰው በማስመሰያ ክኒን ማቆየት እንደዛው። ስለዚህ የመረጃና ደህንነት ክትትል ኮሚቴ የሚባል ከጥናቱ ባለቤቶች የተለየ ቡድን ይቋቋማልና በየስድስት ወሩ ምናምን ቁጥሩን ያያል። ችግሩ ግን ቁጥር ይዋዥቃል። ጆተኒ ስትጫወቱ አንድ ለባዶ ሲመራ ወዲያው «በቃ አለቀ፣ አሸነፍኩ» ብሎ ዱላውን የሚለቅ ልጅ ታውቁ የለ? ሲመራ ብቻ ጨዋታ ማቆም የሚፈቀድለት ከሆነ እሱን የሚያሸንፈው የለም፣ ችሎታ ግን አይደለም። ጥናትም እንደዛው ነው፣ በየመሃሉ እየገለጣችሁ ፒዋ ከ0.05 በታች የወረደች ለታ የምታቆሙ ከሆነ ምንም የማይሰራ መድሃኒት እንኳ ሊያልፍላችሁ ይችላል።

በቁጥር ልንገራችሁ። መድሃኒቱና ማስመሰያው ፍጹም እኩል ቢሆኑ እንኳ አንዴ ብቻ መጨረሻ ላይ ካያችሁ የመሳሳት እድላችሁ 5 በመቶ ነው። ሁለት ጊዜ ካያችሁ 8 በመቶ ይደርሳል። አምስት ጊዜ ካያችሁ 14 በመቶ። አስር ጊዜ ካያችሁ 19 በመቶ። ይሄ በ1969 አርሚቴጅና ባልደረቦቹ አስልተው ያወጡት ነው፣ ከአምስት ውሸት አንዱ «ተረጋገጠ» ተብሎ ሊወጣ ማለት ነው።

ደሞ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ከቢሃት በፊት ኮሮናሪ ድራግ ፕሮጀክት የሚባል ትልቅ ጥናት ነበር፣ ሃርት አታክ ይዟቸው የተረፉ ወንዶች ላይ ክሎፋይብሬት የሚባል የኮሌስትሮል መድሃኒት ሞከሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ክሎፋይብሬት ከአንድ ጊዜ በላይ የ0.05ቷን መስመር አልፎ ነበር። ያን ጊዜ ቢቆም ኖሮ መድሃኒቱ ተጨብጭቦለት ይወጣ ነበር። ኮሚቴው ግን አላቆመም፣ መጨረሻ ላይ የሁለቱም ወገን ሞት እኩል ሆኖ አረፈው።

መፍትሄው ምን ሆነ? መስመሩን መጀመሪያ ላይ በጣም ከፍ ማድረግ፣ መረጃ እየተጠራቀመ ሲሄድ ዝቅ ማድረግ። ኦብራየንና ፍሌሚንግ በ1979 ያወጡት ቀመር ይሄን ያደርጋል። የሚለካው ዜድ በምትባል ቁጥር ነው፣ ልዩነቱን ለስታንዳርድ ኤረሩ ስታካፍሉ የሚወጣው ነው፣ በተለምዶ 1.96 ካለፈ ነው ፒዋ ከ0.05 የምታንሰው። ቢሃት ሰባት ጊዜ እንዲታይ ታቅዶ ነበር። በኦብራየን ፍሌሚንግ የመጀመሪያው እይታ መስመር 5.46፣ ሁለተኛው 3.86፣ ሶስተኛው 3.15፣ አራተኛው 2.73፣ አምስተኛው 2.44፣ ስድስተኛው 2.23፣ ሰባተኛው 2.06 ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 2.063ን (2.06 ያልኩት አሳጥሬ ነው) ሰባትን ለእይታው ቁጥር አካፍላችሁ በምታገኙት ስኩዌር ሩት ማባዛት ነው፣ ሞክሩት።

አሁን ቢሃት ላይ የሆነውን እዩ። ከሁለተኛው እይታ ጀምሮ ዜዱ 1.96ን አልፎ ነበር፣ እስከ አምስተኛው ድረስ ከ2.2 እስከ 2.4 መሃል ሲመላለስ ቆየ። በተራ ዓይን ያየ ሰው ሁለተኛው ላይ «ተረጋገጠ፣ አቁሙ» ይል ነበር። ኮሚቴው ግን የራሱን መስመር ስላልነካ ዝም አለ። በጥቅምት 1981 ስድስተኛው እይታ ላይ 2.82 መጣ፣ መስመሩ 2.23 ነበር፣ አለፈው፣ ጥናቱ ከታቀደለት ዘጠኝ ወር ቀድሞ ቆመና ውጤቱ ወጣ። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው፣ ትዕግስቱም ማቆሙም የተወሰነው በጠዋት ነበር፣ ማንም ስሜቱን ተከትሎ እጁን አላወጣም።

ግን አንድ ጣጣ ነበረበት። የኦብራየን ፍሌሚንግ ቀመር ስንት ጊዜ እንደምታዩ ቀድማችሁ እንድትወስኑና በእይታዎቹ መሃል ያለው መረጃ እኩል እንዲሆን ይፈልጋል፣ ኮሚቴ ደሞ የሚሰበሰበው በካላንደር ነው፣ ሰው ደሞ በካላንደር አይሞትም፣ አንዳንዴም የሚያስደነግጥ ነገር መጥቶ ያልታቀደ ስብሰባ ይጠራል። ዴሜትስ ከጎርደን ላን ጋር ሆኖ በ1983 ያወጣው መላ ይሄን ፈታው። አልፋ ስፔንዲንግ ይባላል። ሃሳቡ እንዲህ ነው፤ ለጥናቱ በሙሉ የተፈቀደላችሁ ስህተት 0.05 ነው፣ ይሄ በጀታችሁ ነው፣ ስንቱ መረጃ ሲደርስ ስንቱን እንደምታወጡ የሚናገር ቀመር መጀመሪያ ላይ ትጽፋላችሁ፣ ከዛ በኋላ ስንት ጊዜ ብታዩ፣ በፈለጋችሁት ቀን ብታዩ፣ ድምሩ ከ0.05 አያልፍም። ለምሳሌ ኦብራየን ፍሌሚንግን በሚመስለው ቀመር መረጃው ግማሽ ላይ ሲደርስ ያወጣችሁት ከ0.05 ውስጥ 0.003 ገደማ ብቻ ነው፣ ቀሪው በሙሉ ለኋላ ይቀመጣል። «መረጃ» ስል የሰው ብዛት አይደለም የሞት ብዛት ነው፣ ይሄን ልብ በሉ፣ 4,000 ሰው መዝግባችሁ 10 ሰው ብቻ ከሞተ ገና ምንም መረጃ የላችሁም።

ስለዚህ አንድ ጥናት «ቀድሞ ቆመ» የሚል ስታነቡ ዘዴው ላይ ሂዱና እነዚህን ፈልጉ፤ ስንት ጊዜ ታየ፣ በየትኛው መስመር፣ ማን አየው። የኦብራየን ፍሌሚንግ ወይ የላን ዴሜትስ ስም ካለ ጥሩ ነው። ሃይቢትልና ፔቶ የሚባለውም አለ፣ እሱ መሃል ላይ ሁሉ ዜድ 3 ካላለፈ አትንኩ የሚል ቀለል ያለ ህግ ነው፣ ለማስታወስ ይመቻል። ምንም ካልተጻፈ ግን ጥርጣሬያችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ሌላው ደሞ በደንብ ታቅዶም ቢሆን ቀድሞ የቆመ ጥናት ጥቅሙን ትንሽ አጋኖ የማሳየት ዝንባሌ አለው፣ የቆመው እኮ ቁጥሩ ከፍ ባለበት ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ከኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ የታችኛውን ጫፍ ችላ አትበሉ።

ምን እንደተቆጠረ እዩ

ይሄኛው አጭር ነው ግን ሰው የፈጀ ጉዳይ ነው። ከሃርት አታክ በኋላ ልባቸው ያለ ሰዓቱ ደንገጥ ደንገጥ የሚል ሰዎች በድንገት የመሞት እድላቸው ከፍ ያለ ነው፣ ይሄ የታወቀ ነው። እንግዲህ ድንገጣውን የሚያጠፋ መድሃኒት ብንሰጥ ሞቱም ይቀራል ብሎ ማሰብ ማንም የሚያስበው ነው፣ ሐኪሙም እንደዛ ብሎ ያዝ ነበር፣ ኢሲጂው (የልብ ምት የሚነበብበት ምርመራ) ላይ እየጠፋ ይታያላ። ካስት የሚባለው ጥናት ይሄን ሊያረጋግጥ ተነሳ። ጭራሽ መጀመሪያ መድሃኒቱን ቀምሰው ድንገጣው የጠፋላቸውን ሰዎች ብቻ ነው እጣ ውስጥ ያስገባው። ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ ከደረሳቸው 755 ሰዎች 63 ሞቱ፣ ማስመሰያ ከደረሳቸው 743 ሰዎች 26። ራሳችሁ አካፍሉት፣ 8.3 በመቶና 3.5 በመቶ። በሚያዝያ 1989 አስቆሙት።

ኢሲጂው ተስተካክሏል፣ ሰውየው ሞቷል። ዴሜትስ ከቶማስ ፍሌሚንግ ጋር ሆኖ በ1996 ስለዚህ ጉዳይ የጻፈው ጽሁፍ ዛሬም መነበብ ያለበት ነው፣ ምትክ መለኪያዎች እያሳቱን ይሆን ወይ ብለው ነው የጠየቁት፣ መልሳቸው ደሞ አዎ ብዙ ጊዜ የሚል ነው። መድሃኒቱ እናንተ በምትለኩት መንገድ ብቻ አይደለም የሚሰራው፣ ባላያችሁት በሌላ መንገድም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጥናት «የደም ቅባት ቀነሰ»፣ «ኢሲጂ ተሻሻለ»፣ «የልብ ምት ተስተካከለ» ሲል እሺ ብላችሁ ቀጥላችሁ ስንት ሰው ሞተ? ስንት ሰው እንደገና ሃርት አታክ ያዘው? ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው የጠየቃችሁት ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

ማን እንደተቆጠረ ደሞ

ጥናት ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ክኒኑን በስነ ስርዓት አይውጥም፣ አንዱ ይረሳል፣ አንዱ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ አንዱ ጸበል ይገባል፣ አንዱ ሼሁ ጋ ዱኣ አስደርጎ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል። አጥኚው «ያልዋጡትን አውጥቼ የዋጡትን ብቻ ልቁጠር» ብሎ ይፈተናል፣ እውነት ይመስላል አይደል?

ክሎፋይብሬቱ ጥናት ላይ ክኒናቸውን በደንብ የወሰዱት ሰዎች የአምስት ዓመት ሞት 15.0 በመቶ ነበር፣ በደንብ ያልወሰዱት 24.6 በመቶ። ዋው፣ መድሃኒቱ ሰራ! ቆይ ግን፣ የማስመሰያውን ክኒን በደንብ የወሰዱት 15.1 በመቶ፣ ያልወሰዱት 28.3 በመቶ። ምንም የሌለበትን ክኒን በሰዓቱ የዋጠ ሰው ካልዋጠው በጣም ባነሰ ቁጥር ሞተ ማለት እኮ ነው። ክኒኑ አይደለም ያዳነው፣ ክኒን በሰዓቱ የሚውጥ ሰው ሌላ ነገሩም የተስተካከለ ነው፣ የሚያስታውሰው ቤተሰብ አለው፣ ህመሙም ቀለል ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው እጣው በጣለበት ቡድን ይቆጠራል፣ ዋጠም አልዋጠም። ጥናቱ ላይ ኢንቴንሽን ቱ ትሪት የሚል ካያችሁ ይሄ ነው። 1,916 ሰው ከገባ መጨረሻ ላይም የምታካፍሉት ለ1,916 መሆኑን አረጋግጡ፣ መሃል ላይ ሰው ከጠፋ የት ሄደ ብላችሁ ፈልጉ።

ኮከብ ቆጠራው

ይቺ እያሳቀች የምታስተምር ናት። ኦክስፎርድ ላይ ሪቻርድ ፔቶ የሚባል ሌላ ስመ ጥር ስታቲስቲሺያን አለ፣ እሱና ባልደረቦቹ በ1988 አይሲስ 2 የሚባለውን ጥናት አወጡ፣ 417 ሆስፒታል፣ 17,187 ሰው። ሃርት አታክ ነው ተብሎ ለተጠረጠረ ሰው አስፕሪን፣ ወይ ስትሬፕቶካይኔዝ (የረጋ ደም የሚያሟሟ መድሃኒት)፣ ወይ ሁለቱንም፣ ወይ ሁለቱንም አለመስጠት፣ በእጣ። በአምስት ሳምንት ውስጥ ምንም ካልደረሳቸው በልብና በደም ስር ምክንያት 13.2 በመቶ ሞቱ፣ ሁለቱም ከደረሳቸው 8.0 በመቶ። ከ1,000 ሰው 52 ማለት ነው፣ ከ39ኙ ጋር ለማወዳደር አንድን ለ0.052 አካፍሉ፣ 19 ይመጣል፣ በአምስት ሳምንት ብቻ። አስፕሪኑ ደሞ በቀን 160 ሚሊግራም ነበር፣ ዋጋው የማይወራ ክኒን።

ጥናቱ ከመውጣቱ በፊት ጆርናሉ በእድሜ፣ በጾታ፣ በምናምን ከፋፍላችሁ አሳዩን ሲላቸው እነ ፔቶ እሺ ግን በኮከብም እንከፍላለን አሉ። ከፈሉት። ጀውዛና ሚዛን ኮከብ ያላቸው ሰዎች ላይ አስፕሪን የማይጠቅም እንዲያውም ትንሽ የሚጎዳ ሆኖ ወጣ፣ ለሌሎቹ ኮከቦች ደሞ በጣም ይጠቅማል። እኛ አገር ቢሆን ይሄኔ ስንቱ የእናቱን ስም ይዞ ኮከቡን ሊያስቆጥር በሄደ! ያው ነጥቡ ግልጽ ነው፣ ሰውን በበቂ ሁኔታ ከከፋፈላችሁት የሆነ ቁራጭ ላይ ሁልጊዜ ጉድ ይወጣል። ስለዚህ «ጠቅላላው ላይ አልሰራም ግን ከ60 ዓመት በላይ ባሉ ሴቶች ላይ ሰርቷል» የሚል ስታነቡ ያ ክፍፍል ቀድሞ ተጽፎ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልነበረ ጀውዛና ሚዛን ነው።

ትንንሽ ጥናትም እንደዚሁ ነው። ማግኒዚየም በደም ስር ሲሰጥ ሞትን ይቀንሳል የሚል 2,316 ሰው ያለበት ጥናት በ1992 ወጣ፣ 10.3 በመቶ ወደ 7.8 ወረደ ብሎ። በ1995 አይሲስ 4 በ58,050 ሰው ሞከረው፣ ምንም የለም፣ ማግኒዚየም የደረሳቸው 7.6 ያልደረሳቸው 7.2 በመቶ። ከመቶ አንድ ሁለት ሰው የሚያድን መድሃኒት ለማግኘት በአስር ሺዎች ነው መቁጠር የሚያስፈልገው፣ ፔቶም ሳሊም ዩሱፍም ሮሪ ኮሊንስም ገና በ1984 ሲጮሁ የነበረው ይሄንኑ ነው፤ ትልቅ አድርጉት፣ ቀላል አድርጉት፣ ፎርሙን አታብዙ።

እሺ፣ ለኛ በሽተኛ ይሆናል ወይ?

ቁጥሩ እውነት ከሆነ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው እንጂ ከዛ በፊት አይደለም። አሁን ከወግዲ ወይ ከመቅደላ ደረቱን ይዞ የተነሳ ሰው ደሴ እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት እናንተ ታውቃላችሁ፣ መኪና እስኪገኝ፣ መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተብሎ ተልባ ተጠጥቶ፣ ሽማግሌ ተማክሮ። ጣሊያን ውስጥ የተሰራውና በ1986 የወጣው ጂሲ የሚባል ጥናት ስትሬፕቶካይኔዝን በ11,000 በላይ ሰው ላይ ሞክሮ በሶስት ሰዓት ውስጥ ለተሰጣቸው ሞት በ23 በመቶ ቀነሰ፣ ከሶስት እስከ ስድስት ሰዓት 17 በመቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለደረሱት ደሞ ወደ ግማሽ የሚጠጋ። ስለዚህ ስታነቡ «በስንት ሰዓት ውስጥ የደረሱ ሰዎች ናቸው» የሚለውን መስመር ፈልጉ፣ የኛ ሰው በዛ ሰዓት ካልደረሰ ያ መቶኛ የሱ አይደለም። ቢሃትም እንደዛው ነው፣ የገቡት እኮ አምስት ቀን በህይወት ያለፉ ሰዎች ናቸው፣ አስም ያለበትም አልገባም።

ዘመኑንም እዩ። ቢሃት ሲሰራ ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ስር የሚከፍተው ቱቦ) የለም፣ ስታቲን (የኮሌስትሮል መድሃኒት) የለም። በ2024 ሪዲዩስ ኤኤምአይ የሚባል ጥናት ሃርት አታክ ይዟቸው የልባቸው የመርጨት አቅም ግን ያልተጎዳ 5,020 ሰዎችን ወስዶ ዛሬ ባለው ህክምና ላይ ቤታ ብሎከር ቢጨመር ምን ይለውጣል ብሎ አየ፣ ሞት ወይ ድጋሚ ሃርት አታክ የደረሰባቸው 7.9 በመቶና 8.3 በመቶ፣ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ዴሜትስ ተሳሳተ ማለት ነው? አይደለም፣ የ1981ዱ ቁጥር ለ1981ዱ ሰው ትክክል ነበር። እኛ ጋ ደሞ ስቴንት ያላገኘ፣ ልቡ የተጎዳ ሰው ብዙ ስለሆነ የትኛውን ሰው እንደሚመስል ማየት የናንተ ስራ ነው። ይሄን አንብቦ ግን ማንም የታዘዘለትን ቤታ ብሎከር በራሱ እንዳያቆም፣ በድንገት ማቋረጥ ራሱ አደጋ አለው፣ አስፕሪንም ቢሆን የሚደማ ቁስለት ላለበት ወይ አለርጂ ለሆነበት ሰው አይሰጥም።

የራሳችሁን ጥናት ለምትሰሩ

ሁለት ህክምና የሚያወዳድር ጥናት ልትሰሩ ከሆነ ፕሮፖዛሉ ላይ መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት እነዚህን ጻፉ፤ ዋናው መለኪያ አንድ ብቻ፣ ስንት ሞት ወይ ስንት ክስተት ሲደርስ መሃል ላይ እንደምታዩ፣ በየትኛው መስመር እንደምታቆሙ፣ የትኞቹን ንዑስ ቡድኖች እንደምታዩ፣ የጠፋ ሰው እንዴት እንደሚቆጠር። አድቫይዘሩ «ለምን ታካብዳለህ፣ መሃል ላይ ዳታውን ላይና ጥሩ ከሆነ እንጽፈው» ሊላችሁ ይችላል፣ በአክብሮት «ጋሼ፣ አምስት ጊዜ ካየነው እኮ 14 በመቶ ነው» በሉት። የላን ዴሜትስን መስመር በእጅ ማስላት አይጠበቅባችሁም፣ አር የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ላይ ኤልዲባውንድስ የሚል ፓኬጅ አለ፣ ስንት በመቶ መረጃ እንደደረሰ ታስገባላችሁ መስመሩን ያወጣላችኋል፣ ኢንተርኔት ያለ ቀን አንዴ አውርዱት ከዛ በኋላ ያለ ኔትወርክም ይሰራል። መሃል ላይ ቁጥሩን የሚያየው ሰው ደሞ ታማሚ የሚመዘግበው ሰው አይሁን። መዝጋቢው የትኛው ወገን እየመራ እንደሆነ ካወቀ ቀጣዩን ሰው ማስገባት ላይ እጁ ያዳላል፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ስለዚህ ከሌላ ዲፓርትመንት አንድ ስታቲስቲክስ የሚችል ሰውና አንድ ሐኪም ለምኑና እነሱ ብቻ ይዩት፣ ለናንተ የሚነግሯችሁ ቃል ሁለት ብቻ ነው፤ «ቀጥሉ» ወይ «አቁሙ»።